የተራመደው አጥር

ልጄ ማራናታ፣

ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ መውጣት መግባትሽን ይጠብቅልኝ። በባዶ ሆድሽ ሥራ አትግቢ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አላባራም። ከሰፈራችን በላይ የነበረው የቡና መሬት እስከ አማን ከተማ ድረስ ቤት ሆኗል።

የማዘጋጃ ልጆች መንገዱን በፕላኑ ሊያሰፉ መጥተው ግቢያችን ውስጥ ችካል ቢተክሉ፣ «የልጄ አያት ያጠሩትን ማን ያፈርሳል?» ብዬ ነቅዬ ወረወርኩባቸው። ታውቂው የለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአጥሩ የቆረጥነውን እንጨት ከአሮጌው በስተውጭ እንተክላለን፣ ይጸድቃል። ለካ በየክረምቱ ወደ መንገዱ ስንራመድ ኖረናል!

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን የከድጁን ልጅ፣ ዩስራን፣ ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ አጥራችን ጋ ሲደርስ መንገዱ ጠቦት ቆመ። ልጅቷን በዚያ ጭቃ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያልፉ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመስገን፣ በሰላም ተገላገለች። እኔም በማግስቱ ገጀራ አንስቼ አጥሩን ችካሉ እስከነበረበት ድረስ መነጠርኩት። ገንፎ ልበላ ግን አልሄድኩም፤ በምን ዓይኔ ልያቸው? ከድጁ ድርሻዬን በሳህን ላከችልኝ። አሁን አጥሩ ስለሌለ ቤቷ ከደጄ ይታያል፤ መደበቂያም የለኝ።

ጌታ ያሰብሽውን ይሙላልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ ምከሪኝ ልጄ፤ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ምን አድርጌበት ልሂድ?

እናትሽ አጸደ