ስለ ቲድማርሽ ምድጃና ስለ እኔ ግድግዳ

ለተከበራችሁ የሴንት ኦስዊን ደብር የፍሳሽ ሥራዎች ቦርድ ሰብሳቢና አባላት፤
ለንደን

ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከወለሌ ማዘንበል በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእናንተን ወለል ቀጥ አድርጎ እንዲያቆይላችሁ፣ በሮቻችሁም እንደ እኔ በር በትከሻ ሳይገፉ እንዲከፈቱላችሁ ዘወትር እጸልያለሁ።

ስሜ ኦባዲያ ክሪምብል ይባላል፤ በፌንዊክ መንገድ ከአባቴ በወረስኩት ቤት ዳቦ ጋጋሪ ነበርኩ። ነበርኩ ማለቴ ባለፈው መኸር ለአዲሱ የፍሳሽ ቦይ ብላችሁ ግድግዳዬ ሥር ያን የመሰለ ጉድጓድ ከቆፈራችሁልኝ ወዲህ ምድጃዬ ለሁለት ተሰንጥቆ ዳቦው በአንድ ጎኑ ከሰል፣ በሌላው ሊጥ እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሚስተር ጆሳያ ቲድማርሽ የሚባል ሌላ ጋጋሪ አለ። ደብዳቤው ስለ እኔ ቢሆንም ይህን ሰው ሳላነሳ ባልፍ ያንቀኛል።

አንደኛ፣ ስለ ስንጥቅ። የቲድማርሽ ስንጥቅ ፀጉር የምታህል ነበረች፤ የእኔው እጅ ያስገባል። ሆኖም የተከበሩት መሐንዲሳችሁ ስንጥቁ ሲሰፋ አብራ ተሰብራ እንድታሳውቅ የሚለጥፏትን ስስ የመስታወት ቁራጭ ለእሱ በየክፍሉ ሲለጥፉለት ለእኔ አንዲት እንኳ ነፈጉኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የቲድማርሽን መስታወት ለማየት ይጎርፍ ነበር፤ ያየም ሁሉ በዚያው ዳቦውን ገዝቶ ይመለሳል። አቤት፣ እንዴት እንዳንገበገበኝ! ሰው በስንጥቅ ይበለጣል? እኔ ግን ተበለጥኩ፤ ደግሞም ቀናሁ፤ አልዋሽም።

ሁለተኛ፣ ስለ እህቴ ስለ ኬዝያ። እኔና ቲድማርሽ ቦርዳችሁን ከሰን ችሎቱ ጉዳቱን በዓይናቸው አይተው እንዲፈርዱ አሥራ ሁለት የተከበሩ ሰዎችን በላከ ጊዜ፣ እኔ ከጠበቃዬ ዘንድ ስመለስ ቤቴን አላወቅሁትም። ኬዝያ «እንግዳ ሊመጣ የቤታችንን ገመና ገልጠን እንጠብቅ እንዴ? አባባ ከመቃብሩ ይነሳብናል!» ብላ ደጃፉን አጥባ በኖራ አንጥታዋለች፤ ስንጥቁን ጽጌረዳ ባለበት የግድግዳ ወረቀት ሸፍናዋለች፤ ምድጃው ፊት ቡፌውን ገትራበታለች። ወረቀቱን ልቦጭቀው እጄን ስዘረጋ ሰዎቹ ገቡ። ከእነሱ አንዱ «እንዴት ያለ ያማረ ቤት ነው ያለህ ሚስተር ክሪምብል!» ቢለኝ፣ ክቡራን ሆይ፣ የአስተዳደግ ነገር ሆኖብኝ አመሰግናለሁ አልኩ።

ቲድማርሽ ቤት ግን ሚስቱ አመዱን እንኳ አልጠረገችም። ለአሥራ ሁለቱ ሰዎች ሻይ የቀረበው ባዘመመው ጠረጴዛ ላይ ስለነበር አንዱ ስኒ ተንሸራቶ ከሰብሳቢያቸው ጭን ላይ ፈሰሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሚስቱ ግን ከሽንኩርት እንደነበረ ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጥቷል። እንዲህ ያለች ሚስት ለእሱ ተሰጥታ ለእኔ ንጽሕና የምትወድ እህት ለምን እንደተሰጠች አምላኬን ገና አልጠየቅሁትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርዱ። ለቲድማርሽ ባለ ብረት መዝጊያ አዲስ ምድጃ ሠራችሁለት፤ በእኔ ቤት ግን «የሚታይ ጉዳት የለም» ተባለ። ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ቃል በሥራ ስላስተማራችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሠራተኞቻችሁ ግድግዳዬን የደገፉበትን እንጨት ጉድጓዱ ሲደፈን ነቅለው ወደ ቲድማርሽ መውሰዳቸውንም እንደ በጎ አድራጎት ቆጥሬላችኋለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ምድጃዬን ሥሩልኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን፣ አደራችሁን፣ የቲድማርሽን መልሳችሁ አፍርሱት።

የንግሥታችን ታማኝ ተገዢ፣ የቦርዳችሁ ግብር ከፋይ፣ የዘመመ ቤት ቀጥ ያለ ባለቤት፣
ኦባዲያ ክሪምብል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የኬዝያ ጽጌረዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተተረተረ። አሥራ ሁለቱ ክቡራን ዳግም ሊጎበኙኝ ቢያስቡ በር ማንኳኳት አይጠበቅባቸውም፤ በግድግዳው ይግቡ። የቲድማርሽ ዳቦ ሽታ የሚገባው በዚያው ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኬዝያ፣ የጋጋሪ ልጅ፣ የጋጋሪ እህት፣ ዓይኗን ከዓይኔ እያሸሸች ዳቦውን ገዝታ አቀረበችልኝ። በላሁት። ጥሩ ዳቦ ነው። የሚታይ ጉዳት የለም ላላችሁት፣ መሐንዲሳችሁ ያቺን መስታወት ይዘው ቢመጡ የሚለጥፉበትን ቦታ ደረቴ ላይ አሳያቸዋለሁ።