ዘግይቶ የመጣ ሽማግሌ

ለልጄ ለየሺወርቅ፣ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ሰበታ ላይ ዝናቡ አላባራም፣ የዓለም ገና መንገድም ጭቃ ብቻ ሆኗል።

የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጥሽ ወላጆችሽ ጋብቻውን አምነው ይፈርሙ ተብሏል አልሽኝ። ጉድ ነው! ያ የአሜሪካ ወታደር አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ ከአሥመራ ወደ አገሩ ይዞሽ በረረ። መድፍ መተኮስ የሚያውቅ ሰው እንዴት ደጅ መጥናት ያቅተዋል? ዛሬ ደግሞ የአገሩ መንግሥት የእኛን ፊርማ ፈለገ። አባትሽማ «ልጄን ያልጠየቀኝን ሰው አማቼ ነው ብዬ አልፈርምም» ብሎ እምቢ አለ።

አንቺ ከምትባረሪ ብዬ ጎረቤታችንን ኦቦ ነገሳን ለመንኳቸው፤ ለባልሽ ሽማግሌ ሆነው መጡ። አባትሽ እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በሦስተኛው «ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?» ሲላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ! ለጊዜው የእኔ ይሁን» አሉት። ያኔ ፈረመ።

እንግዲህ ለዚያ ግንዲላ ንገሪው፤ ያገባሽ ባለፈው እሑድ ነው። እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ለአባቱ ለኦቦ ነገሳ ካፖርት ይላክላቸው። በዝናብ ደጃችን ላይ የቆሙለት እሳቸው ናቸው።

እናትሽ ማሪቱ