ከፔርሙሱ ሥር ያለው መጽሐፍ

ሰኞ

ሁለት ሰዓትሽ ሞላ፣ መልሺ አለችኝ የላይብረሪዋ ልጅ። ምዕራፍ አምስትን ገና መጀመሬ ነው፤ ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሳ ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ሰዓቷን ታሳየኛለች። መጽሐፉ ከላይብረሪው አይወጣም፣ ከሁለት ሰዓት በላይም አይያዝም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በሕፃንነቱ ማንበብ የተማረ መሆን አለበት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ ነው። ወንድሞቼ ተማሪ ቤት ሲሄዱ ምሳቸውን ቋጥሬ እሸኛቸው ነበር። ሀ ሁን ያወቅኩት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ልጄ ቤቲ ከምትማርበት ክፍል ኋላ፣ ጉልበቴ አገጬን በሚነካ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ መጣ። ዛሬም ጣቴን ሳላስኬድ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ አልችልም። ቤቲ "ማም፣ መጽሐፉን ስልክሽ ላይ ልጫንልሽ" ትላለች። ስልኩ ላይ ጣቴን ሳስኬድ ገጹ አብሮ ይሸሻል። ሞክሬው ልወረውረው ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ለምን እንደመረጥኩ ሰው ሁሉ እየሳቀ ይጠይቀኛል። ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አንድ ቀን በቦታዬ ማሽን ተከሉበት። አለቃዬን ለምን ብዬ ስጠይቀው "ኢኮኖሚክስ ነው" ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ምን እንደሆነ ላየው ነው የገባሁት።

የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄአለሁ። ሁለተኛው ዓርብ ነው፤ ምዕራፍ አምስትና ስድስት። ይህንንም ከወደቅኩ ከኮርሱ ወጣሁ፣ የትምህርት ድጋፉም አብሮ ይቆማል። አዲሱን መጽሐፍ መግዛት በእኔ አቅም የማይታሰብ ነው።

አንድ ተስፋ አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ሶስና የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጇ ናሆም ይህንኑ ትምህርት ጨርሶ ለሥራ ቴክሳስ ገብቷል። ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ "እትዬ ዘነቡ፣ መጽሐፉ እኔ ቤት አቧራ እየጠጣ ነው። ማክሰኞ ነይና ውሰጂው" አለችኝ።

ማክሰኞ

ባዶ ቦርሳ ይዤ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ሜትሮ፣ ከዚያ ባስ። ባሱ አርፍዶ መጣ፤ ሹፌሩ ይቅርታ እንኳ አላለም።

ሶስና በር ላይ የጫማ ክምር አለ። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባኝ። እናቷ አዲስ አበባ አርፈዋል። መርዶውን ያረዷት ዛሬ ጠዋት ነው።

የለበስኩት ቢጫ ሹራብ ነው። ቢጫ! ሶስና አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "አይ እትዬ ዘነቡ፣ ልብስ እንኳ ሳትቀይር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሮጣ መጣች" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ወዳጅ እንዲህ ነው!" አለች። ባዶውን ቦርሳ አጣጥፌ ከሥሬ አደረግሁትና ተቀመጥኩበት።

ከዚያ አየሁት። መደርደሪያው ተነስቶ ፍራሽ ተነጥፏል፤ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ከላይ ያለው የእኔ ነው፣ ያ ከላይብረሪ የማውቀው አረንጓዴ። ላዩ ላይ ፔርሙስና የወረቀት ኩባያ አስቀምጠውበታል። ሰው ሁሉ እየመጣ ሻይ ይቀዳል፤ ሻዩ ይንጠባጠባል። እኔ አያለሁ። ለቅሶ ላይ መጽሐፍ አይጠየቅም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ረቡዕ

ላይብረሪ ሄድኩ፤ መጽሐፉ ተይዟል፣ ወረፋ አለው።

ቤቲ ኮል አደረገችኝ። "ጀስት አስክ ኸር፣ ማም" ትላለች፤ ዝም ብለሽ ጠይቂያት ማለቷ ነው።

"እናቷ ሞታ?"

"ሶ? ምን አለበት? መጽሐፍ ነው እንጂ ቤቷን አልጠየቅሻት።"

ዘጋሁባት። ወልጄ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ በማን እፈርዳለሁ።

ምስር ወጥ ሠርቼ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ሶስና ቤት ሄድኩ። ድስቱ ባስ ላይ እንዳይፈስ ጭኔ ላይ አድርጌው ጭኔ ተቃጠለ። ለሶስና አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አልዋሽም፤ እግሬን የመራው መጽሐፉ ነው።

ሆን ብዬ ጥጉ ጋ ተቀመጥኩ። ሰው ራት ሲበላ ፔርሙሱን አነሳሁና መጽሐፉን ሳብኩት። ሽፋኑ እንዳይታይ በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩት፣ ምዕራፍ አምስትን ገለጥኩ፣ ጣቴን አሳረፍኩ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ጸጥ አለ። ቀና ስል ሁሉም ወደ እኔ ዞሯል። የሶስና ባል አጎት አቶ ጌታሁን፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "እናንተ ልጆች፣ ዝም በሉ እንጂ! ዳዊት እየተደገመ ነው" ይላሉ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው የመጽሐፉን ጠርዝ በነጠላው ላይ ተሳለሙት።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ቤቱ ግን ጸጥ ብሎ ነበር። ከላይብረሪው ይልቅ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ሰዓት የሚያሳየኝም የለም። ምዕራፍ አምስትን ጨረስኩ። ዋጋ ሲንር ሰው መግዛቱን የሚቀንሰው ምትክ ሲያገኝ ነው ይላል። ጨው ምትክ የለውም፤ ቢወደድም ይገዛል። ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልደግመው ገባኝ።

ሐሙስ

ዛሬም ሶስና ቤት ሄጄ ጥጌን ያዝኩ።

ምዕራፍ ስድስት አጋማሽ ላይ ሶስና መጥታ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። "እትዬ፣ እስኪ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው። ለእማዬ የምትይውን እኔም ልስማ" አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። አንድ ሁለት የዳዊት መዝሙር በቃሌ አለ። እሷን ሳያት ግን አቃተኝ። ነጠላውን ገልጬ አረንጓዴውን ሽፋን አሳየኋት።

"ዳዊት አይደለም። የናሆም መጽሐፍ ነው። ነገ ፈተና አለብኝ።"

አቶ ጌታሁን ተነሱ። "በለቅሶ ቤት! ነውር አታውቂም? በዚህ ዕድሜሽ የምን ፈተና ነው? የአንቺ ፈተና ሰማይ ቤት ነው!"

"እርስዎስ ከማክሰኞ ጀምሮ በስልክዎ ኳስ ሲያዩ ነውር አልነበረም?" አልኳቸው። ከጥጉ አንዱ ሳቁን በሳል ዋጠው። ወንዶቹ ሁሉ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ስልክ ሲሆን ማንም አላያቸውም፤ እኔ መጽሐፍ ስገልጥ ነውር ሆነ።

ሶስና ግን አልሳቀችም። "ማክሰኞ የመጣሽው ለመጽሐፉ ነው?"

"ለመጽሐፉ ነው። መርዶውን የሰማሁት በር ላይ ነው።"

"ትናንት እንቅልፍ የወሰደኝ አንቺ ዳዊት እየደገምሽልኝ መስሎኝ ነበር" አለችና ተነስታ መኝታ ቤት ገባች።

መጽሐፉን ቦታው መለስኩ። ፔርሙሱንም ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። የምስሬን ድስት ሳልወስድ ወጣሁ። ባስ ላይ ሁሉንም ረገምኩ፤ ሽማግሌውን፣ ላይብረሪውን፣ በየጊዜው አዲስ መጽሐፍ አወጣን እያሉ አሮጌውን የሚያስጥሉትን። ሶስናን ልረግማት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዓርብ

ተፈተንኩ። ጨው መጣ! በስሙ መጣ፣ ጨው ተብሎ። ምዕራፍ አምስትን እንደ ውሃ ጠጣሁት። ስድስትን እስከደረስኩበት ድረስ ሠራሁ፤ የቀረውን በግምት ሞላሁት። ከጎኔ የነበረው ወጣት ቶሎ ጨርሶ ወጣ። እኔ ወረቀቱን ከእጄ እስኪቀበሉኝ ድረስ ጣቴን አላነሳሁም። ልለፍ ልውደቅ አላውቅም።

ወጥቼ ላይብረሪው በር ላይ ስልኬን ስከፍት የሶስና ድምፅ ተቀርጾ ይጠብቀኛል። ቆሜ ሰማሁት፣ ደግሜም ሰማሁት።

"እትዬ ዘነቡ፣ ናሆም ደውሎ መጽሐፉን ለእትዬ ስጪያት፣ እኔ እንደሆነ ከፍቼውም አላውቅም አለኝ። ለዚህ ነው ያስተማርኩት! ትናንት ማታ ቤቱ ጸጥ አለብኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ነገ ነይ። የፈለግሽውን አንብቢ፣ ብቻ አጠገቤ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ። ድስትሽ ታጥቧል። ባዶውን አትወስጂውም፤ ምስር ይዘሽ ነይ።"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ማክሰኞ ያለቀስኩት ለይምሰል ነበር።

ምስሩን ዘፍዝፌአለሁ። ጥቁሩን ልብሴን ተኩሼአለሁ። አቶ ጌታሁን ካሉና አንዲት ቃል ከተናገሩኝ ዝም አልላቸውም። መጽሐፉ ሌላ ቀን ይመጣል። ያንን ባዶ ቦርሳ ነገ ቤት እተወዋለሁ።