ለሕንፃው አስተዳዳሪ፦ ስለማታርፈው ወንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አምላክ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ይልቁንም ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ፤ የጉልበትን ዋጋ የሚያውቀው ያጣው ብቻ ነውና።

እኔ በሦስተኛው ፎቅ የምኖረው ሽማግሌ ነኝ። ባለቤቴ ዳሌዋን ተሰብራ ከታከመች በኋላ ከሐኪሙ እንዳንርቅ ብለን፥ «ዕቃው የተሟላ» የሚለውን ማስታወቂያዎን አምነን ቤትዎን ለስምንት ወር ተከራየን። በቤቱ ካሉት ወንበሮች እርሷ ይዛ ልትነሣባት የምትችል፥ ባለ ክንድ መደገፊያ አንዲት ብቻ ናት። ምስጋናዬም ስለዚህች ወንበር ነው።

፩ኛ፤ ቤት የሚያይ ሰው በመጣ ቁጥር ወንበራችንና ምንጣፋችን ለኪራይ ወደሚታየው ባዶ ቤት ሄደው እንዲያስጌጡት ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በአንድ ቤት ዕቃ የሕንፃውን ዐሥራ ሁለት ቤት ማሟላት ከአምስቱ እንጀራና ከሁለቱ ዓሣ ወዲህ ያልተሰማ በረከት ነው፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ሕዝቡ መጥገቡ ነው።

፪ኛ፤ መጻጉዕ «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» በተባለ ጊዜ ሰውየውም አልጋውም ሄዱ። በእርስዎ ዘንድ በሽተኛዋ ትቀራለች፥ ዕቃው ይሄዳል። ይህን ትርጓሜ ከመምህሮቼ አልሰማሁትም ነበር።

፫ኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ እኔ ለጸሎት በወጣሁበት የሕንፃው ጥበቃ «እማማ፥ ለአንድ አፍታ ነው» ብሎ ወንበሯን ወሰደ። ባለቤቴ ይህን ረስታ፥ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዛ ስትመለስ፥ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ መደገፊያውን ፈለገች፤ የጨበጠችው አየር ነው። ተመልሼ ከወደቀችበት ወለል ላይ ሳነሣት «ሰውየውን አትቆጣው፥ ታዞ ነው» አለችኝ። ሐኪሙ አጥንቷ ደኅና ነው ቢልም፥ ከዚያ ወዲህ እጇን ይዤ «አለች፥ ወንበርሽ አለች» ካላልኋት አትቀመጥም።

፬ኛ፤ አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ፥ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፥ የዕቃውን ዝርዝር አውጥተው «ባለ መደገፊያ ወንበር፥ አንድ» ከሚለው አጠገብ «አባቴ፥ ፈርመዋል እኮ» ብለው ፊርማዬን አሳዩኝ። ፈርሜአለሁ፤ ወንበር መኖሯን እንጂ መሰደዷን አልፈረምሁም። እርስዎ የተቀመጡባት ወንበር ግን ባዶ ቤት ልታስጌጥ ሄዳ አታውቅም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወንበሯ ትረፍ።

በብዙ አክብሮት፥ ከዚያም በበዛ ትዕግሥት፥
የተሟላ ዕቃዎን በየሳምንቱ እስከ ደረጃው የሚሸኘው የሦስተኛው ፎቅ ሽማግሌ።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ በመግቢያው በር የለጠፍሁት ቤት ሊያዩ የሚመጡ ሁሉ እንዲያነቡት ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ እንግዶች እንዳሉብዎ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ከሦስት ሰዓት ጀምራ ወንበሯ ላይ ትሆናለች፥ አትነሣምም። ግድ ከሆነብዎ ከነወንበሯ ያሸክሟት፤ በዝርዝሩ ላይ ብቻ «አሮጊት፥ አንዲት» ብለው ይጨምሩ፥ እፈርምልዎታለሁ።