የከሰዓት በኋላዋ አሥራ አራት ቁጥር

ለሆስፒታሉ የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ወገብዎን በደህና እንዲያገኘው ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ቆሜ የሰው ፀጉር ሳስተካክል የኖርሁ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ወገቤ አላላውስ ቢለኝ በኤምአርአይ ማሽንዎ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳልነቃነቅ የተኛሁ ታካሚዎ ነኝ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. ክፍልዎ በውጤት ፖስታ ላይ ስም ሳይሆን የወረፋ ቁጥር ብቻ መጻፉ፣ ቁጥሩንም ከምሳ በኋላ እንደገና ከአንድ መጀመሩ የታካሚን ምስጢር ለመጠበቅ እንደሆነ ተረድቻለሁ። በዚሁ ጥንቃቄ የተነሣ የጠዋቱ አሥራ አራት ቁጥር እኔ፣ የከሰዓት በኋላዋን አሥራ አራት ቁጥር ፖስታ ፈርሜ ተረክቤአለሁ።

2. በውጤቱ መሠረት ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ማህፀኔም ጤናማ ነው። ለስድሳ ሁለት ዓመት ወንድ ሁለቱም የምሥራች ናቸው። ባለቤቴ ግን አራቱንም ልጆች ብቻዋን መውለዷን አንሥታ ቅር ተሰኝታብኛለች።

3. ፖስታውን ልመልስ አራት ጊዜ መጥቻለሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ አራቱንም ጊዜ፣ አባቴ እያለች፣ መዝገቡ ውጤቴን እንደወሰድሁ ስለሚያሳይ የተወሰደ ውጤት ተመልሶ የሚገባበት አሠራር እንደሌለ በትሕትና አስረድታኛለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በእኔ ሙያም ብርቅ ነው።

4. የእኔ ወገብ በሳምንቱ በራሱ ጊዜ ተሽሎት ሥራ ገብቻለሁ። ስለዚህ የእኔን ምስል የያዘችው ሴት፣ አይዞሽ፣ ዕረፍት ይበቃሻል ተብላ ሳትሸኝ አልቀረችም። እኔ ዘንድ ያለው የእሷ ወረቀት ግን፣ ከቦታው የወጣ ዲስክ የእግሮቿንና የሽንቷን ነርቮች በብርቱ እንደተጫነ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል ለቀዶ ሕክምና እንድትቀርብ ይላል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክፍልዎ ሥርዓት ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እገልጻለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
ማህፀኑ ደህና የሆነው ፀጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጠዋቱ መዝገብ የሚያበቃው የእኔ ስም ባለበት ገጽ ነው። የከሰዓት በኋላው በጀርባው ይጀምራል፤ ስሟም ስልኳም እዚያ አለ። ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀኗ ነው። ገጹን የሚገልጥ ሰው ከጠፋ ሱቄ ከበርዎ ፊት ለፊት ስለሆነ ተሻግሬ ልገልጥልዎ እችላለሁ። እኔስ በእግሬ እሄዳለሁ።