ወርቅ በማግኔት

ሰኞ፣ የካቲት 4

ስፌት ቤት እንደ ወትሮው። የአስተናጋጆች ሽርጥ ነው የያዝነው፣ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር፣ ዓይን የሚያጠፋ። የመኪናዬ መርፌ ተሰበረ። ሌላ አስገባሁ፣ እሱም ተሰበረ።

ማታ ቤት ስገባ ባሌ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ተቀምጧል። ራት ሲበላም እጁ ኪሱ ውስጥ። ውሃ ሲቀዳልኝም ኪሱ ውስጥ። ትናንት ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሽርሽር ሲመለስም እንዲሁ ነበር፣ ብርድ መትቶት ነው ብዬ ተውኩት።

"እጅህ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"አውጣው እስቲ።"

አወጣው። ጣቱ ባዶ። ቀለበቱ የኖረበት ቦታ ፈዞ፣ እንደ ተላጠ ድንች። ሽርሽር የሄዱበት ሐይቅ ውስጥ ወደቀብኝ አለ። ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ላይ ዘሎ ነው አሉ። ለማን እንደዘለለ አልጠየቅሁም። የማተሚያ ቤቱ ሴቶች በሙሉ እዚያ ነበሩ። አጥንቱ የሚቆጠር የአርባ ስድስት ዓመት ሰው... ምን ሊያሳያቸው?

ከከሳ ጀምሮ ነግሬዋለሁ፣ ሰፍቶሃል፣ ክር ጠቅልልበት ብዬ። እሺ፣ ነገ። ነገ፣ ነገ፣ ነገ። እናቱ ስም ሲያወጡለት ተሳስተዋል፤ አቶ ነገ ማለት ነበረባቸው። አሁን ደግሞ "ልክ ነበርሽ" ይለኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

አማቴ መጡ። ማን ነገራቸው? ልጃቸው እንጂ ማን።

"ይሄ ምልክት ነው ልጄ" አሉኝ ጉልበቴን ይዘው። የምን ምልክት? የሰፋ ቀለበት ይወልቃል፣ ሌላ ምልክት የለውም። አላልኳቸውም። ለአማት ዝም ማለት ነው የሚያዋጣው።

እሳቸው ሲወጡ አቶ ነገ ተነሥቶ ቆመ። "እሑድ ሄጄ አገኘዋለሁ። ታያለሽ።" ላም አለኝ በሰማይ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ እስከ ወገቡ ሴራሚክ ለብሷል፣ ከወገቡ በላይ ሲሚንቶ ነው። የመኝታ ቤቱ በር አንድ ጎኑ ተቀብቷል። ቋንቋ ልማር ብሎ መጽሐፍ ገዛ፣ እስከ ሰላምታው ደረሰ። ይሄ ነው ሐይቅ አገላብጦ ቀለበት የሚያገኝ።

እህቴ ደወለች። የጓሮ ክፍሏን አጽድታልኛለች። "መቼ ነው የምትመጪው? ክፍሉን እኮ ሰው ይጠይቀኛል።"

ለምን ትሄጃለሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? አይማታም። አይጠጣም። ሴት ያለው አይመስለኝም። ነገን ስጠብቅ ልቤ ውልቅ አለ፣ ይኸው ነው። ይሄን ለማን ያስረዱታል...

ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ተጽፎ ይቀመጥ። ይሄንንም ጀምሮ ከተወው፣ ያን ዕለት ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። ብዙም አልጠብቅም። ሁለት እሑድ ከቆየ ምን አለች በሉኝ።

እሑድ፣ የካቲት 10

ማግኔት ገዝቶ መጣ። አብሬው ሐይቁ ድረስ ሄድኩ። ዳቦ የሚያህል ማግኔት። ገመድ አሰረበትና ከመድረኩ ላይ ይወረውራል፣ ይጎትታል፣ ይወረውራል። ሚስማር አወጣ። የቆርቆሮ ክዳን። ማንኪያ። የዛገ ቁልፍ። ባወጣ ቁጥር ዞር ብሎ ያሳየኛል፣ ትልቅ ዓሣ ያጠመደ ይመስል።

ወርቅን ማግኔት አይስበውም። ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ዝም ብዬ አየሁት። ደስ እያለኝ ነበር ዝም ያልኩት፣ ምን እዋሻለሁ።

በኋላ ላይ እዚያ ዳር ጀልባ የሚጠግነው ሰውዬ አላስችል አለው።

"ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?"

"ቀለበት።"

"የምን?"

"የወርቅ።"

ጀልባ ጠጋኙ ማግኔቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። "ማግኔቱ ይዞት ከወጣማ ያን ጊዜ ሌላ ጨዋታ አለን" አልኩ። ሰውዬው ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ግን ይስቃል። ባሌን ላብ አጠመቀው። "ብረት ይቀላቅሉበታል ብዬ እኮ ነው" አለ። ይሄን ሰው ነው ያገባሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ስለ ሐይቁ ትንፍሽ አላለም። ተወው ማለት ነው። ትልቁን ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ።

እሑድ፣ የካቲት 17

አልተወም። የዋና መነጽር ከሆነ ሰው ተውሶ፣ ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ ማለዳ ወጣ። እኔም ሄድኩ። ለምን? ሲተወው በዓይኔ ለማየት።

ጀልባ ጠጋኙ አሠራሩን አሳየው። እሱ ከዘለለበት ቦታ ላይ ከባድ ድንጋይ ይወርዳል። ድንጋዩ ላይ ገመድ አለ። የዚያን ጫፍ ይዞ፣ ጭቃውን በእጁ እየዳበሰ ድንጋዩን ይዞራል። ዙሩ ሲያልቅ ገመዱን አንድ ክንድ ያህል ያስረዝምና ደግሞ ሌላ ዙር። ትንፋሽ ሲያጥረው ይወጣል፣ ይመለሳል። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው። ግን ድፍርስ ነው፣ የገዛ እጅ አይታይም። ስለዚህ ወገቡ ላይ ሌላ ገመድ ይታሰራል፣ ጫፉን ላይ የቆመ ሰው ይይዛል። ከታች አንዴ ከተጎተተ ደህና ነኝ ነው። ሁለቴ፣ ገመድ ልቀቅልኝ። ሦስቴ፣ አውጣኝ። ላይ ያለውም በየመሃሉ አንዴ እየጎተተ ይጠይቃል፤ ከታች መልስ መምጣት አለበት።

ገመዱን ወንድምየው ያዘ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ገመዱን በጫማው ረግጦ ስለ ኳስ ወሬ ጀመረ። ወንድሙ ውሃ ሥር፣ እሱ ግብ ጠባቂው ላይ ይፈርዳል። አጥንታቸው ሁሉ አንድ ነው።

"አምጣ ወዲህ" ብዬ ተቀበልኩት። ትቼው እሄዳለሁ አልኩ እንጂ ሬሳውን እጎትታለሁ አላልኩም።

አንዴ ጎተት አደረግሁ። ወዲያው ጎተት አለ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ጎተት... ጎተት አለ። ቤት ውስጥ ጠይቄው ሳምንት ሙሉ የማይመልስ ሰው ውሃ ውስጥ እንዲህ ጨዋ ነው። ታዲያ እዚያው ይኑራ።

እሑድ፣ የካቲት 24

ዛሬም ገባ። የወጣው ንብረት፦ የመነጽር ፍሬም፣ የሕፃን ጫማ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ጥርሱን ይዞ ብቅ አለና "የማን ይሆን? ምስኪን" ይላል። የራሱ ጥርስ ደግሞ ከብርዱ የተነሣ ይንቀጫቀጫል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ይብቃህ ውጣ።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ።"

ተናደድኩ። አለመተው ደግሞ ከየት መጣ? ይሄን ያህል መታጠቢያ ቤቱን ቢይዘው ኖሮ ሴራሚኩ ጣሪያ በነካ ነበር። ወይስ እኔን ለማሸነፍ ነው? ስለ ቃሌ አያውቅም... ያውቅ ይሆን እንዴ? ሻንጣውን አይቶታል። አልጋው ሥር ከትቼዋለሁ፣ ግን አይቶታል። አይቶ ዝም። ይሄም የሱ ነገር ነው።

እህቴ ደወለች። "ተወው?" አለችኝ፣ ቃሌን የነገርኳት ለሷ ብቻ ነው።

"አልተወም።"

"አንቺስ?"

"እኔ ምን?" ብዬ ዘጋሁባት።

እሑድ፣ መጋቢት 1

ቀኝ እጄ ደህና ስለሆነ ነው የምጽፈው። ግራው አይታጠፍም።

ጎተትኩ፣ መለሰ። እንደገና ጎተትኩ፣ መለሰ። ቀጥሎ ጎተትኩ... ዝም።

የኮረፈ መሰለኝ። በእግዜር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄን ነው። ሲወርድ ሰድቤው ነበር፣ አይጥ እንኳን ካንተ የተሻለ ይዋኛል ብዬ። ደግሜ ጎተትኩ። ገመዱ ግንድ ላይ የታሰረ ያህል ተወጥሮ ቀረ። ያኔ ነው እጄ ላይ የጠቀለልኩት። ጠቀለልኩና ወደ ኋላ ተኝቼ ሳብኩ። አይመጣም። መድረኩ ላይ ወደቅሁ። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ጩኸት እንኳን አልወጣኝም፤ ጀልባ ጠጋኙ መውደቄን አይቶ ነው ቢላውን ይዞ እየሮጠ የገባው።

አሮጌ የዓሣ መረብ እግሩን ጠፍሮታል። ቆረጠለት። እኔ ሳብኩ፣ ሰውዬው ከሥር ገፋ፣ እንደ ጆንያ መድረኩ ላይ ዘረገፍነው። ውሃ አስመለሰ። ዓይኑን ገለጠ። አሁን ምን ይላል? ጌታዬ ተመስገን? ሚስቴ የታለች?

"ነክቼው ነበር መሰለኝ" አለ።

በጥፊ አልኩት። እንደተጋደመ፣ ሰው ፊት። ከዚያ አንገቱን ይዤ አለቀስኩ። ጀልባ ጠጋኙ "እትዬ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ" አለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ገመዱ ያነቀው ግራ እጄ ሌሊቱን አብጦ አደረ። የቀለበት ጣቴ ጠቁሯል፣ ቀለበቱ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ሳሙና ሞከርን፣ ዘይት ሞከርን። ወይ ፍንክች።

"እስከ ነገ ይበርድ ይሆናል" አልኩ።

"አሁን ነው የምንሄደው" አለ። አሁን። ከዚያ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሳየው ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ተጫምቷል። በዚያ ላይ ይፈጥናል።

መዝጋቢዋ በመስኮት ጠየቀችኝ፣ ስም፣ ዕድሜ። "ያገባሽ ነሽ?" አዎ አልኳት። ቀና እንኳን አላለች፣ ጻፈችው።

ነርሷ ትንሽ መጋዝ ይዛ መጣች። ይሄን ያህል ጊዜ አወልቀዋለሁ፣ አወልቀዋለሁ ስል የኖርኩት ቀለበት ነው። መጋዙን ስታስጠጋ እጄን ሰበሰብኩ።

"አመመሽ?"

"አላመመኝም። ቆዪ ብቻ።"

ቆየች። ደግ ናት። ከዚያ "እህቴ፣ ወይ ቀለበቱ ወይ ጣቱ" አለችኝ። ሰጠኋት። ቆረጠችው። ባሌ ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። ቀለበቱ የኔ፣ ጣቱ የኔ፣ አልቃሹ እሱ።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

እጄ በፋሻ ነው፣ ስፌት የለም። አቶ ነገ ጠዋት ሻይ አፍልቶ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጀልባ ጠጋኙ መረቡን አውጥቶታል። አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረኝ። እሑድ..."

"ማን ይዞልህ?"

"ወንድሜ።"

"ያ ኳስ ተንታኝ? በሬሳዬ ላይ ተራምዶ። እጄ እስኪድን ድረስ እግርህን በሳፋ ብትታጠብ እንኳን አስፈቅደህ ነው።"

"እሺ" አለ። ሻዩን አማሰለልኝ። ስኳር አልጨመረበትም፣ ባዶውን ነው የሚያማስለው። አልነገርኩትም።

ከምሳ በኋላ እህቴ ደወለች። ሁሉን ሰምታለች።

"እንግዲህ እሱም ቀለበት የለው፣ አንቺም የለሽ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ምን ያስቀምጥሻል?"

"ገመዱን ማን ይይዝለታል?" አልኳት።

 ሳቀች፣ እስኪያስላት ሳቀች። ትሳቅ። እሷ ገመድ ይዛ ከታች መልስ ጠብቃ አታውቅም። ክፍሉን አከራዪው ብያት ዘጋሁ።