ውሃው አይሸሽም

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? በብርድ ጊዜ የሚነሣብህ ጀርባህስ እንዴት ሆነ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ። እህትህን ከቀበርናት ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ያንተ ደብዳቤ ግን ሦስት ደቂቃም የፈጀብህ አይመስለኝም። «እማዬ፣ ፈርሚላቸውና ዕረፊ፤ ከትልቅ ሰው ጋር ምን ያጋፋሻል?» ብለኸኛል። ትልቁን ሰው እኔም አየሁት። ትልቅነቱን ልንገርህ።

እህትህ ስትሠራበት የነበረው ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ስሙን በብዕሬ አልጽፈውም፤ በር ሲገባ ደረቱ ቀድሞት ስለሚገባ «ደረት» ብዬዋለሁ። ቀብሯ ላይ አልነበረም፤ ከቀብሯ በኋላ ግን ፋይል ታቅፎ መጣ። የበሽተኛውን ሁሉ ካርድ ከአቧራማ መደርደሪያ አውጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባውን ፕሮግራም የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይላል። አዲሱ አዳራሽም በስሙ ሊጠራ ነው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ እሱን «የሥርዓቱ አባት» ይለዋል፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የእህትህ ስም አለና «ትጉህ ጸሐፊ» ይላታል። ቤተሰቡ ተስማምቷል ብዬ እንድፈርም፣ ፕሮግራሙን በእጇ የጻፈችበትን ሰማያዊ ደብተርም እንዳስረክበው ጠየቀኝ። ሐሙስ እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚህች «ጸሐፊ» በምትባል ቃል መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። «ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ» ስትለኝ የገባኝ ሁለተኛው ቃል ብቻ ነበር። ልጄ ጸሐፊ ናት ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ማመልከቻዋን ይዛ መጥታ «እስቲ በታይፕ ምቺልኝ» ብትላት፣ እህትህ ጸጥ ብላ መታችላት። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ልክ ነሽ እማዬ፣ ጸሐፊ ነኝ። ግን የምጽፈው ለማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ደንቆሮ ነው፤ አንዲት ነጥብ ከረሳሽ ዓይኑን አፍጥጦ ያይሻል እንጂ ምን ማለትሽ ነው ብሎ አይጠይቅሽም። አለቃዬም እንደዚያው ነው» አለችኝ።

አንተ ከቤት በወጣህበት ዓመት፣ ኮምፒውተር የቁም ሳጥን ሦስት እጥፍ በነበረበት ጊዜ፣ በባቡር ድርጅት ኮምፒውተሩ የሚያነበውን ካርድ እየበሳች እንደ ጀመረች ታስታውሳለህ። ወንዶቹ «ያንቺ ሥራ መብሳት ነው፤ ማሰቡን ለእኛ ተዪው» ይሏት ነበር። አስበው አስበው ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚያገናኝ የጉዞ ሰሌዳ አወጡ። ደግነቱ ገና ወረቀት ላይ እያለ አይታ ሙሉውን እንደገና የጻፈችው ያቺ ካርድ በሺ ናት። ምስጋናውን እነሱ ወሰዱ። ከዚያ ማተሚያ ቤት ገብታ ማሽኑን በራሳችን ፊደል እንዲጽፍ አደረገችው። ከዚያ አስተማሪ ሆነች። ደረት ከተማሪዎቿ አንዱ ነበር፤ ያውም ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው። ሆስፒታሉ ሲቀጥራት ያ እንቅልፋም አለቃዋ ሆኖ ጠበቃት።

ባለፈው ማክሰኞ ለጉልበቴ እዚያው ሆስፒታል ሄድኩ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ የተወለድኩበትን ወር ሠላሳ ብሎ ጻፈው። ማሽኑ ጢጥ አለ። ሰውየው «ኤጭ! ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ውሃ አለኝ» ብሎ አጉረመረመ። ምን ማለትህ ነው ስለው፣ ስንሳሳት እንዲህ ይለናል ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። «ቀስ ይባላ፤ ውሃው አይሸሽም» ይላል።

ልጄ፣ ከቧንቧው ባልዲ ይዛችሁ እየተሻቀዳደማችሁ ስትሮጡ፣ ግማሹን ደጅ ላይ ደፍታችሁት ስትገቡ የምላችሁን ታስታውሳለህ? እህትህ ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው፤ በራሴ ቃል። ታዲያ ይህ ምን ማለት ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ አታውቁም ወይ ስለው፣ ሰውየው አለቃችንን ጠይቀን ነበር ብሎ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። «ውሃ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የደረት ፊርማና ማኅተም አለ። እዚያው ቆሜ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለጉልበት ሳይሆን ለጭንቅላት የመጣሁ መሰላቸው።

ሐሙስ ዕለት ደረት ደብተሩን የሚይዝለት ያንኑ የካርድ ክፍል ሠራተኛ አስከትሎ መጣ። ወንበር ሰጠሁትና ማሽኑ ስለሚለው ውሃ ጠየቅኩት። ደረቱን ነፍቶ፣ ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማሙም፣ አስቤበት እኔው ራሴ ነኝ ያስገባሁት አለኝ። አባት ነኝ ብሎ የልጁን አፍ መፍቻ ቃል ለማያውቅ ሰው ምን ይባላል?

ብዕሬን አነሣሁ። እጄ እንደምታውቀው ቀርፋፋ ነው። ሰዓቱን እያየ «እማማ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ እንጂ፤ መኪና ቆሞብኛል» አለኝ። «ቀስ ይባላ፤ ውሃው አይሸሽም» አልኩት። ሸበቶው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ደረት ግን ጠረጴዛው ላይ ውሃ የፈሰሰ መስሎት ፋይሉን አፈፍ አደረገ። እኔ ወረቀቱን በክርኔ ይዤው ነበር።

«የሥርዓቱ አባት» የሚለውን ከነስሙ ሰረዝኩት። «ትጉህ» የሚለውንም ሰረዝኩ፤ ትጉህ የሚባለው በሬ ነው። የእህትህን ስምና «ጸሐፊ» የምትለዋን ቃል ብቻ ተውኩ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት እውነት እሷ ብቻ ነበረች። ከሥሯ ፈረምኩ። ደረት ወረቀቱን እያርገበገበ ወጣ፤ ደብተሩን ግን አልወሰደም፤ ተቀምጬበት ነበር። ሸበቶው በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ማስታወቂያውን ነገ እገነጥለዋለሁ፣ ለምን እንደ ገነጠልኩትም ለካርድ ክፍሉ ሰው ሁሉ እነግራለሁ አለኝ።

እንግዲህ እንዳልከው ፈርሜያለሁ።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ሙቀት አለው። ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ ይበርታ፤ ኋላ ወንበር እንዳይቀመጥ። ትንሿ ደግሞ ውሃ ይዛ ስትሮጥ ብትደፋው እንዳትቆጣት። ምን እንደምትላት ታውቃለህ። የማን ቃል እንደሆነም ንገራት።

እናትህ

ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ እሑድ ጠዋት ተጻፈ።